በልክ ደብተሩ ጀርባ

የሰው ደረት፣ የሰው ወገብ የምጽፍበትን ደብተር
ገለበጥኩት ከጀርባው፣ ጉዞ ላሰምር።
ሙጋድ ሱቄን ዘግቼ፣ ሲንጀሬን ሸፍኜ፣
ሜትሬን አንገቴ ላይ እንደ ሀብል ጭኜ፣
ጻፍኩ፦

«አውቶቡስ። ሌሊት አስራ አንድ ሰዓት።
ወንበር ሁለት፣ በመስኮት።
ጊምባ ላይ ብርድ ነው፤ ካፖርት።
አቀስታ ቁርስ።
መካነ ሰላም አዳር፤ ትኋን እንዳለ ቀድሞ መጠየቅ።
በማግስቱ ደንቆሮ ጫካ፣ ከዚያ የገደሉ አፋፍ፣
ጭላዳ ማየት፣ ቀይ ቀበሮ ከተገኘ፣ ጅብራው ሥር ማረፍ።»

ቆጣሪ አንባቢው አረጋ ነው ያመጣው ይሄን ጣጣ።
መብራት ሊያነብ ገብቶ፣ ቁጭ ብሎ ሻይ ሲጠጣ
«ሙሄ» አለኝ፣ «ጨርቅ ስትቀድድ ትውላለህ፤
መሬት ተቀዶ አይተህ ታውቃለህ?
አፋፉ ላይ ስትቆም ጆፌው ከታችህ ነው የሚያንዣብብ፤ ጀርባውን ታያለህ።»

የጆፌ ጀርባ!
ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው፣
ከኮት ጀርባ ሌላ አላየሁም ጀርባ።

ጦይባ ቁልፍ ትለያለች፣ ባለ ሁለት ቀዳዳውን ከባለ አራት፣
ሦስት ማታ ሙሉ አንድ ቃል ሳይወጣት።
እኔ እደምራለሁ፦ የመግቢያ ይሄን ያህል፣ ላስጎብኚ ይሄን ያህል፣
ውሃ ስድስት ሊትር፣ ለሁለት ይከፈላል፤
«ቁልቁለቱን በሁለት ሰዓት፣ ዳገቱን በሦስት፤
ጉልበትሽን ካመመሽ በቅሎ እንከራያለን፣ ለአንድ ቀን ንግሥት!»

የያዘችውን ቁልፍ ቆርቆሮው ውስጥ ጣለችው።
እርሳሱን ከጆሮዬ ላይ አነሳችው።
«ይሄን መንገድ» አለች፣ «ሐምሌ በልቶታል፣ ድሮ፣ እኔ ሳለሁ።
በዚህ ነው የሚወረድ። ሾላው ጋ ወደ ግራ።
ስድስት ሊትር አትሸከም፤ ዋርካው ሥር ምንጭ አለ፤
ቅጠሉን ታነሳለህ፣ ትጠጣለህ፣ መልሰህ ትከድነዋለህ።
ዳገቱን በሦስት?» ሳቀች።
«እኔ በዘጠኝ ዓመቴ፣
ማሽላ አዝዬ ለወፍጮ፣ ከጎህ እስከ ቀትር ነው የወጣሁት፣ ከናቴ።»

ሃያ ስድስት ዓመት አብሬያት ስኖር
«አገርሽ?» ብያት፣ «ቦረና» ብላኝ፣ እዚያው ላይ ነው የቆምኩት፤
ቦረና ስንት ደረጃ ወደ ታች እንዳለው አልጠየቅኩትም ነበር።
ትከሻዋን አውቃለሁ፣ ሠላሳ ዘጠኝ። ክንዷን፣ ሃምሳ አራት።
ሜትሬ መቶ ሃምሳ ላይ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ባዶ ጣት።

«የመግቢያ» የሚለውን በጥፍሯ ነካችው።
«እንጨት የለቀምንበት ነው። ትኬት ወጣለት?»
«ለጭላዳው ነው» አልኳት፣ «ለጫካው።»
ዝም አለች። ኋላ፣ «ይሁን። እኛም ብዙ ቆርጠናል» አለች።

«አስጎብኚ»ን ግን በሁለት መስመር ሰረዘችው፤
«ኑርዬ፣ የእህቴ የአንሻ ልጅ» ብላ ጻፈችው።
ከሥሩ ቀጠለች፣ በተጣመመ ፊደሏ፦
ጨው ሁለት ኪሎ።
የባትሪ ድንጋይ አራት፣ ላጎቴ ሬዲዮ።
ሸሚዝ፣ ለእብሬ።

«በቅሎዋስ?»
«ላንተ። አብሽር።»
«የምንመለስበትስ ቀን?»
«እሱን አትጻፍ።»

ጭጋግ ከጦሳ ወርዶ በሩ ላይ ተኝቷል። ሲንጀሬን ገለጥኩ።
አረንጓዴ ፖፕሊን ነበረኝ፤ አነጠፍኩ።
«ወንድምሽ ምን ያህላል?» አልኳት፣ ጠመኔ ይዤ።
እጇን ከወገቧ ትይዩ አቆመች፣ መዳፏን ወደ መሬት።
«ስለየው ይሄን ያክል ነበር» አለች፣
«ድምፁ ግን ወፍራም ነው፣ በስልክ።»

ቆረጥኩ።
በየጎኑ አራት ጣት ትርፍ ጨርቅ ተውኩ፤
ሲደርስ የሚፈታ፣ የሚሰፋ፣
እዚያው፣ ዋርካው ሥር።
መርፌና ክር ደብተሩ ላይ ጨመርኩ።